«ላክ» የሚለው ቁልፍ

ሽንት ቤቱ ያምራል። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ቧንቧው ወርቅማ ነው፣ መስታወቱ ዙሪያውን መብራት አለው። ወለሉ ላይ ግን የአምስት ፎቅ ሰው ያወረደው ቆሻሻ ተኝቷል።

ቦንቱ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ፣ ጫማ ይታጠባል» አሉ ወይዘሮ ውባለም። ቦት ጫማ አድርገው መሀሉ ላይ ቆመዋል፤ በጆግ እየቀዱ ባልዲ ውስጥ ይገለብጣሉ። «የጎረቤቶቼን ምሳ ከራሳቸው ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬ ጎመን ነው።»

ቦንቱ ሻርፗን አጥብቃ ይዛ ገባች።

ሕንፃው ሸጎሌ ነው፤ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። የሠራው ድርጅት ውል ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ ቁጥር ያገኘ አቤቱታ በሁለት ቀን ውስጥ ይጠገናል። ቁጥሩን የሚሰጠው የድርጅቱ ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ የሚቀበለውም ከቤቱ ባለቤት ስልክ ብቻ። ወይዘሮ ውባለም ዐሥራ አንድ ጊዜ ሞልተው ዐሥራ አንድ ጊዜ ቁጥር ሳያገኙ ቀሩ። ልጃቸው ሊሚ ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች። የአራት ቀን ጨቅላ ታቅፋ የምትገባው እዚህ ቤት ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ቦንቱን የላካት ድርጅቱ ራሱ ነው። የድረ ገጽ ዲዛይን ከዩቲዩብ የተማረች ናት፤ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለ መለኮት በትሕትና ነበር የተቀበሏት።

«ባለፈው ወር ሦስት አቤቱታ ገብቷል» አሏት። «እነዚህ ሦስቱ በየት በኩል እንደገቡ አጥንተሽ ንገሪኝ። ሌላው አያሳስብሽ።»

ጥያቄውን ወደደችው። ሌላ አለቃ ቢሆን ስላልገቡት ነበር የሚጠይቀው። ይኼኛው ከተሳካው ነገር መማር ይፈልጋል፣ አለች በልቧ። የገባላቸውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ያልገባለትን ሰው ማየት ፈለገች።

ወይዘሮ ውባለም እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን ሰጧት። ገጹ እንደ ሽንት ቤቱ ያምራል። ስማቸውን ሞላች፣ የቤት ቁጥራቸውን ሞላች፣ ችግሩን ጻፈች። መጨረሻው ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ፎቶ ብቅ አለ። «ላክ» የሚል ቁልፍ ግን የለም። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች፤ የለም። ጥቂት ቆይቶ የሞላችው ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

«ያስጠላል» አለች። «ይኼን የሠራው ብሩኪ የሚባል ልጅ ነው። ጎበዝ ነው ይሉታል ደግሞ። እ... ማለቴ፣ አዩ እማማ፣ ሁለት ነገር አለ። ዩአይ የሚባለው መልኩ ነው፤ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ቁልፉ። ዩኤክስ ደግሞ ሰውዬው ከገባ ጀምሮ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ የሚያየው ነገር ሁሉ ነው፤ ምቾቱም አበሳውም። ለምሳሌ የእርስዎ ሽንት ቤት ዩአዩ አንደኛ ነው...»

«ዩኤክሱን ይኸው እየቀዳሁት ነው» አሉ ወይዘሮ ውባለም፣ ባልዲውን አንሥተው።

«እሱን ነው የምልዎት። ብሩኪ ስለ መልኩ እንጂ ስለ ሰዉ አላሰበም፣ በቃ።»

«ማስረዳቱ ይቆየንና ልጄ፣ ሐሙስ እየደረሰ ነው።»

«ነገ ጠዋት ቁጥሩን እናወጣለን።»

አቤቱታቸው ከገባላቸው ከሦስቱ አንዱ ደቻሳ ነው፤ እዚያው ሕንፃ ላይ የሚኖር የሚኒባስ ሾፌር። ቦንቱ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋቢና ከጎኑ ተቀመጠች።

«በአንዴ ነው የሄደልኝ» አለ። «በማግሥቱ ቧንቧ ሠሪው መጣ። የምታካብዱት እናንተ የተማራችሁት ናችሁ።»

ስልኩ ከመሪው አጠገብ መያዣ ላይ ተሰክቷል፤ በአግድሙ። ቦንቱ አየችው። የራሷን ስልክ አውጥታ ገጹን ከፈተችና አጋደመችው። የሚስቀው ቤተሰብ ጠፋ። «ላክ» ብቅ አለ።

ለሌሎቹ ሁለት ሰዎች እዚያው ሆና ደወለች። እነሱም አጋድመው ነበር።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ወይዘሮ ውባለም ጋ መመለስ ትችል ነበር። ግን ለአንድ ሰው ከማሳየት ለሁሉም ማስተካከል ይበልጣል ብላ ወደ ቢሮ ሄደች።

አርባ ደቂቃ ሙሉ አስረዳች። ብሩኪም ተጠርቶ ነበር። ይከራከረኛል ብላ ብትጠብቅ እሱ ያለችውን ሁሉ ጻፈ።

«እኔ ራሴ አላየሁትም ነበር» አለ በመጨረሻ።

ቦንቱ ተጸየፈችው። ሰው እንዴት በገዛ ሥራው አያፍርም።

«በዚህ ብቻ ነው የሚገቡት? ሌላ መንገድ የለም?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ኃይለ መለኮት።

«በዚህ ብቻ ነው።»

ተነሥተው ጨበጧት። «ወሩን ሙሉ ስንፈልገው ነበር» አሏት።

ረቡዕ ጠዋት ክርፋቱ ደረጃው ላይ ተቀበላት። ወይዘሮ ውባለም የሊሚን አልጋ እግሮች አራት ብሎኬት ላይ እየሰቀሉ ነበር።

«ቆሻሻው እንዳይደርስባት ብዬ ነው» አሉ።

«አሁን ይወርዳል እማማ፤ ስልክዎን ይስጡኝ።»

ሞላችው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ስልኩን አጋደመችው።

የሚስቀው ቤተሰብ አልጠፋም። ጎኑን ሰፋ አድርጎ እንደ ሳቀ ቀረ።

ደግማ አቆመችው፣ ደግማ አጋደመችው። ወይዘሮ ውባለም በትከሻዋ በኩል ያያሉ። በዚህ መሀል የራሷ ስልክ ጮኸ፤ የአቶ ኃይለ መለኮት መልእክት ነው።

«ያሳየሽንን ቀዳዳ ብሩኪ ትናንትናውኑ ደፍኖታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛችን ነሽ፣ ሌላ የቀረ ካለ ፈልጊልን።»