የስድስት ዘንግ ፈተና

«ስድስት የማጥመጃ ዘንግ በአንዴ መቆጣጠር ያቃተው ሰው ቤት አይመራም!» አሉ የልጅቷ አባት፣ ሞተር ጀልባቸውን በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቀስ ብለው እየነዱ።

አማች ለመሆን የቋመጠውን ወጣት፣ ከኋላ የሚጎተቱት ክሮች አንዴ እርስ በርስ፣ አንዴ ከቀበቶው ጋር እየተጠላለፉ ላብ በላብ አድርገውታል። ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ዛሬ አንድ ዓሣ ካልያዝክ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ!»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ክሩን ከቀበቶው ሲያላቅቅ አንዱ ዘንግ ጎበጠ።

«ያዘልኝ ጋሼ!» ብሎ ጮኸና ጎትቶ አወጣው።

አባትየው ዓሣውን አገላብጠው አዩት። ሆድ ዕቃው ወጥቷል፤ ቅርፊቱ ተነስቷል፤ ጎኑም ለጥብስ ተተልትሏል።

«እናቴ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም!»

ሁለቱም ዞሩ። ልጅቷ ከማዶ ያለውን ተራራ እያየች፣ ባዶ ፌስታል በእግሯ ወደ መቀመጫው ሥር ትገፋ ነበር።