የሰባት ቀን ፈቃድ

ሰው ከከተማ ከተማ እንዳይሄድ ከተከለከለ ወዲህ፣ ማንያህልሻል ከጅማ ደሴ የምትመጣው ለታናሽ እህቷ ደም ለመስጠት ብቻ ነው። የትርንጎ ደም አይረጋም፤ ጥርስ ስታስነቅል የእህቷን ደም ካልወሰደች ድዷ ሲደማ ውሎ ያድራል። ቁስሉ እስኪሽር የሰባት ቀን ፈቃድ ስለሚሰጣት አብረው ይሰነብታሉ። በስድስት ዓመት ስድስት የመንጋጋ ጥርስ ወልቆ፣ ትርንጎ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች መዋጥ ለምዳለች። የመጀመሪያዎቹስ በእውነት ታመው ነበር።

ዛሬ ሐኪሙ አፏን አየና ጉጠቱን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው። አልነቅልም።»

«የሚያመው አንተን ነው ወይስ እኔን?»

ደም ልትሰጥ አጠገቧ የተጋደመችው ማንያህልሻል ቀና አለች።

«አንቺ የማትረቢ! ደግሞ በደህናው ጥርስሽ መጣሽ? ምን ልትበዪበት ነው?»

«አንቺ ከሌለሽ ከማን ጋር ልበላበት?»

ጥርሱ ካልተነቀለ የማንያህልሻል ፈቃድ ይሰረዛል፤ ዛሬውኑ ተሳፍራ መመለሷ ነው። ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ዶክተር፣ ስታቃስት ነው ያደረችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ንቀልላት።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች።