የኦጉቱ አሽታች ቀበቶ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ረጅሙ ዝናብ ገብቷል፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ድምፄ አይሰማችሁም። ለትንሿ ጋቢ ነገር ጣሉላት። እንዲህ ያለው ወቅት የወንድሜን የኦጉቱን ነገር ያስታውሰኛል።

ኦጉቱ እዚሁ ኪሱሙ፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ አዉኦር ስትሞት ዝም አለ። አለቀሰ አልላችሁም፤ ዝም ነው ያለው። የበቆሎ ገንፎው፣ ኡጋሊው፣ ይቀርብለታል፣ ይደርቃል፣ ለዶሮ ይጣላል።

አንዲት ልጅ አለችው፣ አኬዮ፤ ገበያ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። ለኦዴራ ታጭታ፣ የጥሎሹ ከብት በረት ገብቶ፣ ልጁም ሞምባሳ ሥራ ይዞ ይጠብቃታል። እሷ ግን አባቴ ሲስቅ ሳላይ ከዚህ ግቢ አልወጣም አለች። ሰው ስንት ይጠብቃል? የኦዴራ እናት ሌላ ልጅ እያየች ነው የሚል ወሬ መጣ።

እና ምን አደረገች መሰላችሁ? ኦጉቱና አዉኦር አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ከይቅርታ ጋር፣ ቤቱ ውስጥ ፈስ በሸተተ ቁጥር «አንቺ ነሽ»፣ «አንተ ነህ» እየተባባሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። አሁን የሚወነጅላት አጣ። አኬዮ ይህን አሰበችና ጋዝ የምታሸት ክብ ነገር ከናይሮቢ አስመጣች። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲጠራ የሚያርገበግበውን ነገር ደግሞ ከአንድ አሮጌ ስልክ አወጣች። ሁለቱን በሽቦ አያይዛ፣ ባትሪ ጨምራ፣ ቀበቶ ላይ ሰፋችው። ሲሸት ቀበቶው የታጠቀውን ሰው ጎን ይኮረኩረዋል፤ ሌላው አያውቅም። በሲጋራ መለኮሻ ሞከረችው፤ ሠራ።

አባቷን አስታጥቃው ወደ ገበያ ሄደች። ኦጉቱ አጉረመረመ፣ ነገርየው ሲሠራ ይግላል፣ ጎኔን ጠበሰችኝ አለ።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቀና ብሎ አያትና፣

«አክስትሽ ለቃለች» አላት።

እኔን እኮ ነው። ማልኩ፤ ማን ሰምቶኝ። አኬዮ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ባትሪውን ማስሞላት ለአክስትሽ ተይላት፣ እሷ ሥራ የላትም አለ ደግሞ።

ከዚያ ወዲያ ጀልባ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎኑን ያዝ ያደርግና ዞር ብሎ አንዱን ያያል። ያ ሰው ወይ ያፍራል ወይ ይምላል። ልጁ ከጎኑ ስትቀመጥ ይበላም ጀመር። እሷ ግን ልቧ አላረፈላትም፤ አባቴ ለእኔ ብሎ ነው የሚስቀው ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ የኦዴራ እናት ቁርጡን ልታውቅ መጣች። እኛ ዘንድ በአማቾች ፊት እንዲህ ያለ ነገር ያመለጠው ሰው አገር ጥሎ ቢጠፋ አይፈረድበትም። ዓሣው ቀርቦ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ተቀምጠናል። ኦጉቱ ጎኑን ያዝ አደረገ። አኬዮ ዛሬ ተው ብላ በዓይኗ ለመነችው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ኮረኮረችኝ» አለ።

የኦዴራ እናት ሻርፗን አስተካከለች፤ መልሳ አስተካከለችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «መንገድ ላይ የበላሁት ቦሎቄ ነው። እቃችሁ አይዋሽም፣ ምን ልበል።»

ኦጉቱ ትንሽ ፈዞ አያት። ከዚያ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ እኛም። አኬዮ ብቻ አልሳቀችም፤ አባቷን ስታየው ቆየችና ጓዳ ገብታ ልብሷን መሸከፍ ጀመረች።

አገባች፤ ሞምባሳ ናት፣ ሁለት ወልዳለች። ኦዴራ ደህና ባል ወጣው። እናቱ ዛሬም ወደ እኛ ስትመጣ ቦሎቄ አትነካም። ኦጉቱ ልጁን በሸኘ ሰሞን፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ እንደገና ዝም አለና አረፈ። አኬዮ መጥታ ቀበቶውን አስታጥቃ ቀበረችው። እስከ ዛሬ፣ አባቴን ያቺ ቀበቶ አቆየችልኝ ትላለች።

ባትሪው ግን፣ ያኔ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እሷ ገበያ ሳትደርስ ኦጉቱ ከቀበቶው አውጥቶ የሰጠኝ፣ ይኸው ሽርጤ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ አለ።