የመመለሻው ቲኬት

«ፖቶሲን ብንዘላትስ?» አለች ባሲሊያ፣ የጣት ቁመት የማትሞላውን አውቶቡስ ከባሏ ጉልበት ላይ እያነሳች። «ሐኪሙ እኮ በቀጥታ ወደ ቆላ ውረዱ ነው ያለው። ሳንታ ክሩስ ስንደርስ እንደ ልብህ ትተነፍሳለህ።»

«ሐኪሙ ፖቶሲ ጓደኛ የለውማ!» አለ ካሲሚሮ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና የተቀመጠበት የድንጋይ ደረጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ትንፋሹ ሲመለስለት ካቆመበት ቀጠለ። «መጀመሪያ ኦሩሮ፤ እህቴ ዘንድ እናድራለን። ከዚያ ፖቶሲ፤ አብረውኝ ሲቆፍሩ ለሞቱት ጓደኞቼ የማዕድኑ ጉድጓድ በር ላይ የኮካ ቅጠል አኖርላቸዋለሁ። ከዚያ ሱክሬ።»

«ሱክሬ ደግሞ ምን አለ?»

«ገበያ መሀል የሰደብሽኝ ቦታ ነዋ! ረሳሽው?»

አልረሳችውም። የኦቾሎኒ ጆንያዋን ስለረገጠባት የቀራት ስድብ አልነበረም፤ በሳምንቱ ኦቾሎኒ ሊገዛ መጣ። «እሺ፣ ሱክሬም ይሁን» አለችው።

በዙሪያቸው፣ በዓመታዊው የትናንሽ ዕቃዎች በዓል ገበያ፣ የላ ፓዝ ሰው ሁሉ ምኞቱን በትንሹ ተሠርቶ እየገዛ ነበር። የክብሪት ሣጥን የሚያክል ቤት፣ አውራ ጣት የሚያክል የዱቄት ጆንያ ይሸጣል። የበዓሉ ደንብ ነው፤ የቀትር ደወል ሳያበቃ የተገዛ ነገር በዓመቱ ውስጥ በትልቁ ይመጣል፣ ከደወሉ በኋላ የተገዛ ግን ከመጫወቻ አያልፍም። ባሲሊያ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ቤቷን ያገኘችው እንዲህ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈሰውም ያን ዕለት ዋጋ ስለተከራከረች እንደሆነ ታምናለች።

ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራትን ለካሲሚሮ አልተነፈሰችም። የማዕድኑ አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል፤ ቆላው ያቀልለት እንደሆነ እንጂ አያድነውም፤ ስለ መመለስ ባታነሱ ይሻላል ብሏታል። እሷ ግን ዛሬ የመጣችው ለመመለሻው ቲኬት ነው። ቲኬቱ ከደወሉ በፊት ይገዛ እንጂ ሐኪም ምን ያውቃል?

«በል ቲኬቶቹን አምጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ላስገባቸው።» ትንሿን ሻንጣ እሷ ስትገዛ፣ ቲኬቶቹን እሱ ከፊት ለፊቱ ድንኳን ራሱ ካልገዛሁ ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሄዶ ነበር ያመጣቸው።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የኦሩሮው ሁለት ነው። የፖቶሲውም፣ የሱክሬውም፣ የሳንታ ክሩሱም ሁለት ሁለት። መመለሻው አንድ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ በእሱ የእጅ ጽሑፍ «ባሲሊያ» ይላል።

«አጭበርብራሃለች ሴትዮዋ! አንድ ጎደለ።»

«አልጎደለም» አለ ካሲሚሮ፣ ዓይኑን ከአውቶቡሷ ሳያነሳ። «አስቤ ነው የገዛሁት።»

«ማን ነገረህ?» አለች ባሲሊያ።

«አንቺ። ዕድሜ ልክሽን ስትነጫነጪብኝ ኖረሽ፣ ከሐኪሙ ከተመለስን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም። ታዲያ ምን ልበል?»

እንዳታለቅስበት ፈጥና ተነሳች። «ቁጭ በል! እንዳትነቃነቅ!» ብላ ጮኸችበት፤ ካሲሚሮ ቁጣዋን ሲሰማ ፈገግ አለ።

ከፊት ለፊት ያለችው ቲኬት ሻጭ እጇን አወዛወዘች። «አልቋል ደንበኛዬ፣ ታች ደረጃው ጋ ሞክሪ።»

ባሲሊያ ድርብርብ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባርኔጣዋን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ታች ሮጠች። ሰዉ የገዛውን ለምርቃት ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ማለፊያ የለም። ደወሉ ጀመረ።

«አሳልፉኝ! ለባሌ ነው! ባሌን!»

«ባል ነው እንዴ የምትፈልጊው እማማ?» አለ አንድ ጎረምሳ። «እሱም እዚያ ማዶ በትንሹ ይሸጣል!» ሰዉ ሳቀ። እሷ በክርኗ እየገፋች፣ እያለቀሰች አለፈች።

ታችኛው ድንኳን ጋ ደርሳ እጇን ስትዘረጋ የመጨረሻው ደወል ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ሻጯ ቲኬቱን ሰጠቻት፤ ገንዘቡን ግን አልተቀበለቻትም።

«ተደውሏል እኮ እማማ» አለቻት ቀስ ብላ። «አሁንማ ወረቀት ነው። ለልጅ መጫወቻ ውሰጂው።»

ባሲሊያ ስትመለስ ደረጃውን ቀስ እያለች ነው የወጣችው። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ካሲሚሮ እንዳስቀመጠችው ነበር፤ ትንሿ ሻንጣ ጉልበቱ ላይ ናት፣ ደወሉ የሚደወልበት ግንብ ደግሞ ከራሱ በላይ።

«ከደወሉ በፊት ደረስሽ?» አላት።

«ደረስኩ።»

«ጎሽ» አለና፣ ቲኬቱን ከእሷ ቲኬት አጠገብ እስክታስቀምጠው ድረስ የሻንጣዋን ክዳን በአንድ ጣቱ ደግፎ ያዘላት።