ማጣቀሻ ቁጥር አንድ

አለቃችን ጣታቸውን ስክሪኔ ላይ፣ በማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ ከስማቸው ጎን ተክለዋል። ኦቾሎኒ እየበሉ ነው የመጡት፤ ጣታቸው ከነጨውና ከነቅባቱ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰባት ነው፣ ዶክተር።»

«ሰባት መሆኑንማ አየሁት። እኔ ነኝ ሰባተኛ?»

ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይከታል። የጥናታችንን ስሌት የሠራው እሱ ነው። ነጥብ እንለዋለን፤ ከነጥብ በኋላ ያለ አኃዝ ከተዛነፈበት እንቅልፍ አይወስደውም። ጽሑፉ የሁለታችን ነው። ጆርናሉ ትናንት መልሶልናል፦ ይዘቱን ከማየታችን በፊት ማጣቀሻዎቻችሁን በመመሪያችን መሠረት አስተካክሉ። መመሪያው ከጽሑፋችን ይረዝማል። ከጠዋት ጀምሮ ነጥብ ያነባል፣ እኔ አስተካክላለሁ። የጆርናሉ ስም ዘመም ይበል። የጥራዙ ቁጥር ይድመቅ። ከዓመተ ምሕረቱ ኋላ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ድርብ ሰረዝ። ልጁን እንዲህ ተጠንቅቆ የዳረ ሰው አላውቅም።

«ቁጥሩን የምሰጠው እኔ አይደለሁም» እላቸዋለሁ። «የጆርናሉ ደንብ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ቀድሞ የተጠቀሰ ቀድሞ ይሰለፋል። እንደ ዳቦ ወረፋ።»

«ታዲያ ቀድመሽ ጥቀሺኛ! በዚህ በውሃ ጉዳይ ከኔ በፊት ማን ጽፎ ነው?»

እሱስ እውነታቸውን ነው። ከበራችን ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የአሸዋ ማጣሪያቸው ቆሟል፤ ከበላዩ አቅፈውት የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል። የእሳቸው ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ ማጣሪያው በየሰፈሩ ተተክሏል፤ እናቶች ከሱ ቀድተው የጡጦ ወተት ይበጠብጣሉ። እኔና ነጥብ ክረምቱን ሙሉ፣ እስከ ጥቅምት፣ በጭቃ እየተመላለስን ከየማጣሪያው ቀዳን፣ መረመርን። ዝናብ ሲበረታ ማጣሪያው የሚያስቀረው የራሱን አሸዋ ብቻ ነው።

አለቃችን የሚጠጡት የታሸገ ነው።

ይህን ውጤት፣ ነጥብ በመከረኝ መሠረት፣ ጽሑፉ መሃል የሰው ትንፋሽ በሚያጥርበት ረጅም ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ። ሰባት ቁጥር ያለው እዚያ ነው። አለቃችን አላዩትም። የሰው ጽሑፍ የሚያነቡት ከኋላ፣ ከማጣቀሻው ጀምረው ነው፤ ስማቸውን ሲያገኙ ይዘጉታል።

«ስሚ፣ እህቴ» ይላሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «የሥራ ውልሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዛሬ ልፈርምልሽ ነበር ያወጣሁት። እና እኔን ከማላውቃቸው ሰዎች ጀርባ ታሰልፊኛለሽ?»

ነጥብ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው።

«እሺ» እላለሁ። «አንደኛ ላድርግዎ።»

«እንዲህ ነው እንጂ!»

ወደ መጀመሪያው ገጽ እወጣለሁ። ውሃ ለሰው ልጅ አስፈላጊ መሆኑን የሚያበስረውን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር አጠፋዋለሁ፤ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመሃል ያንን ረጅሙን እመዛለሁ፣ ጅራቱን እቆርጣለሁ፣ በቦታው እተክለዋለሁ። ቁጥሮቹ በራሳቸው ይንሸራተታሉ። ሰባት አንድ ይሆናል።

አለቃችን ወደ ዝርዝሩ ጎንበስ ይላሉ። ስማቸው አናት ላይ ነው። አንዲት ኦቾሎኒ ወደ አፋቸው ይወረውራሉ።

«በይ ላኪው።»

ልልከው እችላለሁ። ነጥብም በዓይኑ ላኪው፣ ላኪው እያለኝ ነው። እሳቸው የሚያዩት ሲታተም ነው፤ ያኔ ውሌ ተፈርሞ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ግን ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥኩት በጓሮ በር ሾልኬ ለመውጣት አይደለም።

«ከመላኩ በፊት አንዴ ላንብብልዎ።»

«ምን ያደርግልኛል?»

«የመጀመሪያዋን ብቻ። እርስዎ ያሉባትን።»

የነጥብ ጫማ እግሬ ላይ ይከብዳል። አነባለሁ፦ «የአሸዋ ማጣሪያ የጉድጓድ ውሃን ለሕፃናት መጠጥ ብቁ እንደሚያደርግ ተዘግቧል፣ ቅንፍ ውስጥ አንድ፤ ይህ ጥናት በክረምት ብቁ እንደማያደርገው ያሳያል።»

ማኘካቸውን ያቆማሉ።

«አውጪው።»

«ካወጣሁት ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ይወጣሉ።»

«ወደ ሰባት መልሺኝ!»

«ሰባት ላይም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ዶክተር። ትንሽ ይረዝማል እንጂ።»

«አንቺ! ማን መሆኔን ታውቂያለሽ?»

«አሁን አንደኛ ነዎት።»

«ውልሽ…»

«ጠረጴዛዎ ላይ ነው። አልረሳሁም።»

ስክሪኑ ላይ የመላኪያው ገጽ ተከፍቷል። ባዶ ሳጥን አለ፤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ተስማምተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወደ ነጥብ እዞራለሁ። የእሱም ውል ከኔው ሥር ተደርቦ ነው የተቀመጠው። ዓረፍተ ነገሩን በከንፈሩ ደግሞ ያነባል።

«ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስህተት አለ።»

የአለቃችን ፊት ይፈካል። «ጎሽ! ይኸው፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው!»

«በክረምት ብቻ አይደለም» ይላል ነጥብ፣ አንዴም ቀና ሳይል። «ዝናቡ ካባራም በኋላ ውሃው ቶሎ አልጠራም። ቁጥሩ አለኝ። ጨምሪበት።»

እግሩን ከእግሬ ላይ ያነሳል።

እጨምርበታለሁ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ እልካለሁ። አለቃችን ይወጣሉ፤ የቢሯቸው በር ሲዘጋ በኮሪደሩ ያለው ፎቶ ግድግዳውን ይመታል። ስክሪኑ ላይ ጣታቸውን የተከሉበት ቦታ አሻራቸው ቀርቷል። ነጥብ በእጅጌው ሊጠርገው እጁን ይዘረጋል።

«ተወው» እለዋለሁ።

ገጹ ይቀየርና፣ ከአሻራው ሥር፣ «ደርሶናል» የሚል ቃል ይወጣል።