የተቸነከረው በር

ልብስ ሰፊዋ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ሰፊ ወረቀት በታመመው ወንድሟ አልጋ ላይ ዘረጋችው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው እየሳቁ ያዩት የነበረው ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ነበር፤ ከሞተ በኋላም ቤቱን አልለቅም ብሎ ቤተሰቡን ሲያስቅ የኖረው አያት በዚህኛው ተሰናብቶ ይሄዳል። እሷ አልተዋጠላትም። ታሪኩን በዚያ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ጽፋው መጣች።

"በእኔ ድርሰት አይሄድም" አለች። "ልጆቹ ሊሄድ መሆኑን ሲያውቁ በሩንም መስኮቱንም በሚስማር ይቸነክሩታል። በቃ፣ አብሯቸው ይኖራል።" ሱቋን ዘግታ አጠገቡ ከተቀመጠች ሦስት ሳምንት አልፏታል።

ወንድሟ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። "እህት ዓለም፣ ሰውዬው እኮ መንፈስ ነው። በግድግዳ ነው የሚያልፈው።" ትንፋሹን እስኪሰበስብ ትንሽ ቆየ። "ተዘግቶባቸው የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው።"

ሁለቴ ሳትለካ መቀስ የማታነሳ ሴት ይህን እንዴት ሳታየው ቀረች? የጻፈችውን በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበችው። "እሺ፣ ምን ላድርገው?" አለች።

"ክፈቺላቸው። ሰውዬውም ደክሞታል።"

እርሳሷን አነሳች። ሚስማሩ ያለበትን መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ "በሩን ከፈቱለት" ብላ ጻፈች። ግራ እጇ ግን የወንድሟን እጅ እንደጨበጠ ነበር።