አውራ የሌለው ቀፎ

ጆንያ ከማልበሷ በፊት የመጨረሻውን ቀፎ አንኳኩታ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። ከባሏ ወንድም ጋር ቀድመው ለብርዱ የሸፈኗቸው ቀፎዎች ሲንኳኩ እንደ ተቆጣ ሰው «እም!» ብለው ወዲያው ዝም ብለዋል። ይሄኛው ግን እንደ በሽተኛ ረጅም ሲቃ አሰማ። እሱም ከቆመበት ሰማው።

«ይሄ አውራ ንብ የለውም፣ እህት ዓለም። በዚህ ብርድ ደግሞ ንቦቹ ሌላ አያወጡም። ብርዱን አያልፉትም፤ ተዪው።»

እሷ ገለባ የተጠቀጠቀበትን ጆንያ አንስታ ቀፎውን ትጠቀልል ጀመር። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እጆቿ ይሠራሉ እንጂ እሷ የለችበትም።

«ኧረ በፈጠረሽ! የእኔ ቤት እንኳ እንዲህ አልተሸፈነም» አለ ሊያስቃት። «ያለቀለት ቀፎ ነው እኮ፤ ምን ይጠቅመዋል?»

የንቦቹ መግቢያ እንዳይደፈን የጆንያውን ጫፍ ወደ ላይ አጠፈችው።

«ወንድምህ በርዶኛል እንዳለ ራሱን ሳተ» አለች፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ። «ብርድ ልብስ ልደርብለት ስል ነርሷ ‹ከእንግዲህ አይሰማውም፤ ምን ያደርግለታል?› አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ አጣጥፌ መለስኩት።»

ገመዱን አዙራ መቋጠር ጀመረች። የባሏ ወንድም አጠገቧ ተንበረከከ። ቋጠሮው እንዳይላላባት ጣቱን ገመዱ ላይ አሳርፎ ጫን አደረገው።

«አጥብቂው» አላት።